ከመሽረዕ እስከ ሻሪዕ፦ የቤት ወሰንና የሕዝብ መተላለፊያ ቃላት ታሪክ በካርቱም ባሕሪ

1. መግቢያ

በካርቱም ባሕሪ የሚኖር አንድ ባለ ይዞታ ስለ ቤቱ ወሰን ሲጠየቅ ሁለት ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል። ከመዝገብ ቤት ያወጣው ወረቀት ቁጥርና ስፋት ይናገራል። አንደበቱ ግን ዙጋጉን፣ ነፋጁን፣ የጎረቤቱን ግድግዳና የክረምት ውሃ የሚወርድበትን ቦይ ይጠራል። ሁለቱ መልሶች አንድን ቦታ ይገልጻሉ፤ አንድን መብት ግን አይገልጹም። የመጀመሪያው ባለቤቱ ምን እንደ ያዘ ያሳያል፤ ሁለተኛው በግድግዳው ጥግ ማን፣ መቼና በምን ምክንያት የማለፍ መብት እንዳለው ያስረዳል።

ይህ ጽሑፍ የሁለተኛውን መልስ ቃላት ይከተላል። የሚያቀርበውም ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ በባሕሪ የቤት ወሰንና የሕዝብ መተላለፊያ ሥርዓት በሦስት የቃላት ንብርብር ተሠርቷል። የመጀመሪያው የወንዝ ዳር መንደር ቃላት፣ ሁለተኛው የካርታና የምዝገባ ቃላት፣ ሦስተኛው የሕግ መጻሕፍት ቃላት ናቸው። ንብርብሮቹ እርስ በርስ አልተተረጎሙም። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ያልተሻገረ መብት በጽሑፍ የለም፤ የሚኖረው በነዋሪው አንደበት ብቻ ነው። ነዋሪው በተሰደደ ጊዜ መብቱም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ በታች የሱዳንን ታሪክ የሚመለከቱ ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

2. የወንዙ ዳር፦ ሳጊያ፣ ሒላ፣ መሽረዕ

ባሕሪ ከጥቁር ዓባይ በስተ ሰሜን፣ ከዋናው ናይል በስተ ምሥራቅ ትገኛለች። ስሟ «ባሕር» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ በግብፅና በሱዳን ዐረብኛ «ባሕሪ» ማለት «ወደ ባሕር በኩል ያለ»፣ ማለትም «ሰሜናዊ» ነው። ለግብፃዊ ባሕሩ በሰሜን ነውና አቅጣጫው ከዚያ ተወስዷል። ሱዳናውያን ደግሞ ወንዙን ራሱን «ባሕር» ይሉታል። ስለዚህ ስሙን የሚሰማ ሰው አቅጣጫውንም ወንዙንም አብሮ ይሰማል።

ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት በአካባቢው መንደሮች ነበሩ። ሐልፋያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአብደላብ ሹማምንት መቀመጫ ሆና ነበር። ሒላት ሐመድና ሒላት ኮጀሊ በፉንጅ ዘመን በኖሩ ሁለት ሼኾች ስም ይጠራሉ፤ ሼኽ ሐመድ ወድ ኡም መርዩም በ1730፣ ሼኽ ኮጀሊ ደግሞ በ1743 እንዳረፉ ይነገራል። «ሒላ» የሚለው ቃል ሰፍሮ መቀመጥን ከሚያመለክት ሥር የተገኘ ነው፤ በአማርኛ «ሰፈር» ከሚለው ቃል ጋር በትርጉም በጣም ይቀራረባል። ሁለቱም መጀመሪያ የሚያስታውሱት ጉዞን ያቋረጠ ሰው ያረፈበትን ስፍራ እንጂ በመሐንዲስ የተለካ ቦታን አይደለም።

በእነዚህ የወንዝ ዳር መንደሮች መሬት ይለካ የነበረው በሳጊያ ነው። ሳጊያ በከብት ጉልበት የሚዞር የውሃ መሳቢያ መንኮራኩር ነው። አንድ ሳጊያ የሚያጠጣው መሬት ራሱ «ሳጊያ» ተብሎ ይጠራ ስለ ነበር የመሣሪያው ስም የይዞታ መለኪያ ሆነ። በካርቱም ዙሪያ ባሉ ጥንታውያን መንደሮች የመሬት ሰነድ ዛሬም የሳጊያ ቁጥር ይጠቅሳል፤ መንኮራኩሩ ጠፍቶ ቃሉ ቀርቷል። ይዞታዎቹ ከወንዙ ተነሥተው ወደ ውስጥ የሚዘረጉ ረዣዥም ቁራጮች ስለ ነበሩ፣ ከወንዙ ርቆ የሚኖር ሰውና ከብቱ ውሃ ለመድረስ በሌላው ይዞታ ዳር ማለፍ ግድ ይሆንባቸዋል።

የሕዝብ መተላለፊያ ጥያቄ በጥንት መልኩ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ሰውና ከብት ወደ ውሃው የሚወርዱበት፣ ጀልባም የሚቆምበት ስፍራ «መሽረዕ» ይባላል፤ በደቡብ የሚገኘው «መሽረዕ አር ረቅ» የተባለው የወደብ ስም ከዚሁ የመጣ ነው። ቃሉ ከ«ሸ-ረ-ዐ» ሥር የተገኘ ሲሆን፣ ከዚሁ ሥር «ሻሪዕ» (ጎዳና) እና «ሸሪዓ» (ሃይማኖታዊ ሕግ) ወጥተዋል። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት «ሸሪዓ» ለሚለው ቃል ከሚሰጧቸው ቀደምት ፍቺዎች አንዱ ወደ ውሃ የሚያደርስ መንገድ ነው። የግዕዙ «ሠርዐ» እና «ሥርዐት»፣ እንዲሁም ከእነርሱ ወደ አማርኛ የገባው «ሥርዓት»፣ የዚሁ ሥር ዘመዶች ናቸው። ግዕዝ መደንገግንና ማደራጀትን ሲይዝ፣ ዐረብኛ ከሕጉ ጋር መንገዱንና ውሃውን አብሮ አቆይቷል። የባሕሪ ነዋሪ ከቤቱ ደጅ ያለውን መንገድ «ሻሪዕ» ሲል፣ በቃሉ ውስጥ ማንም ሊዘጋው የማይገባው የውሃ መውረጃ አለ።

3. ዙጋግና ነፋጅ

በመንደሮቹ ውስጥ ሁለት ዓይነት መተላለፊያ ነበረ፤ አሁንም አለ። አንደኛው «ዙጋግ» ነው፤ በሁለት የግቢ ግድግዳዎች መካከል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ። ዙጋግ በመሐንዲስ አልተዘረጋም። ቤቶች ሲሠሩ ሳይሠራበት የቀረ ስፍራ ነው። ስለዚህ ቅርጹ ጠማማ፣ ስፋቱም ከቦታ ቦታ የተለያየ ነው።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን መንገድ በሁለት ይከፍሉታል። ወዲያና ወዲህ የሚያሳልፈው የሕዝብ ነው። ጫፉ የተዘጋው ግን በሮቻቸው ወደ እርሱ የሚከፈቱ ነዋሪዎች የጋራ ሀብት ነው። በመጀመሪያው ላይ ማንም ሰው ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ያልፋል፤ በሁለተኛው ላይ አዲስ በር ለመክፈት የተጋሪዎቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። በመንገድ ስፋት ላይ ክርክር ቢነሣ ሰባት ክንድ እንዲተው የሚያዝ ነቢያዊ ትውፊት አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያም የተጫኑ ሁለት ግመሎች እንዲተላለፉ የሚል ነው። በሱዳን በስፋት የሚከተሉት የማሊኪ ትምህርት በተጨማሪ «ፊናእ» የሚባል ጽንሰ ሐሳብ አለው። ፊናእ ከግድግዳው ውጭ በደጅ ያለ ስፍራ ነው። ባለቤቱ ሊቀመጥበት፣ ዕቃ ሊያራግፍበት፣ ከብት ሊያስርበት ይችላል፤ አላፊውን ሊያግድበት ግን አይችልም። የግል አይደለም፤ ፈጽሞ የሕዝብም አይደለም።

ሁለተኛው መተላለፊያ «ነፋጅ» ነው። ነፋጅ በሁለት ጎረቤታሞች ሆሽ (ግቢ) መካከል ባለው ግድግዳ ላይ የሚከፈት ትንሽ በር ነው። በተለይ ሴቶችና ልጆች ወደ ጎዳና ሳይወጡ ከቤት ወደ ቤት ይሻገሩበታል፤ ምግብ፣ የዕቃ ብድር፣ የሕመምና የሐዘን ወሬ በእርሱ ያልፋል። ነፋጅ በስምምነት ይከፈታል፤ ቤት ሲሸጥ ወይም ጠብ ሲነሣ ይደፈናል። በሱዳን ዐረብኛ ነፋጅን መድፈን ከጡብ ሥራ በላይ ትርጉም አለው፤ ዝምድናን መቁረጥ ነው። በአንጻሩ በሕዝብ ንግግር ውስጥ ነፋጅን መክፈት የንግግርና የዕርቅ ምሳሌ ሆኖ ያገለግላል። «አል ጃር ገብል አድ ዳር»፣ «ከቤቱ በፊት ጎረቤቱ» የሚለው ተረት የቆመውም በዚህ ልማድ ላይ ነው።

ለዚህ ቃል ትክክለኛ የአማርኛ አቻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ነገሩ በኢትዮጵያ ሠፈሮችም አለ፤ በአጥር መካከል የተተወች ክፍተት ጎረቤትን ከጎረቤት ታገናኛለች። ሆኖም «መሹለኪያ» የሚለው ቃል ከ«ሾለከ» የወጣ ስለ ሆነ የመደበቅ ጥላ አለበት። «የጓሮ በር» የሚለውም በምሳሌያዊ አነጋገር ከሕግ ውጭ የሚገኝ ጥቅምን ያመለክታል። «ነፋጅ» ግን የክብር ቃል ነው። ተርጓሚ «መሹለኪያ» ብሎ ቢጽፈው የግድግዳውን ቀዳዳ እንጂ በቀዳዳው የሚያልፈውን ማኅበራዊ መብት አልተረጎመም።

4. ካርታው፦ ኒምራ፣ መዛድ፣ አምላክ

ከ1898 የከረሪ ጦርነት በኋላ የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አስተዳደር ሲቋቋም የቃላቱ ሁለተኛ ንብርብር መጣ። የወታደሩ ባቡር ሐዲድ በ1899 መጨረሻ ከካርቱም ማዶ ወዳለው ዳርቻ ደረሰ። ድልድይ እስኪሠራ ድረስ መንገደኛውና ጭነቱ በዚያው ይራገፍ ስለ ነበር የባቡር፣ የመርከብ ጥገናና የመጋዘን ሥራ የተሰበሰበባት ከተማ በመንደሮቹ አጠገብ በቀለች።

በዚያው በ1899 የመሬት ባለቤትነት ድንጋጌና የካርቱም፣ የበርበርና የዶንጎላ የከተማ ቦታዎች ድንጋጌ ወጡ። በ1925 ደግሞ የመሬት አወሳሰንና ምዝገባ ድንጋጌ ተከተለ። እነዚህ ሕጎች ባለ መብቱ ቀርቦ እንዲያስረዳና እንዲመዘገብ ጠየቁ። የ1925ቱ ድንጋጌ በተለይ ያልተያዘውንና ጠፍ የሆነውን መሬት ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ የመንግሥት እንደ ሆነ ቈጠረው። የቦታ ደረጃዎችም ተለይተው አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ተባሉ፤ ከደረጃው ጋር የቦታው ስፋት፣ የኪራይ ውሉ ዘመንና የሚፈቀደው የግንባታ ዓይነት ይለያያል።

የባሕሪ የሠፈር ስሞች ይህን ታሪክ እንደ መዝገብ ይዘውታል። «ሒላት ሐመድ»፣ «ሒላት ኮጀሊ» እና «አድ ደናግላ» ሰውንና ወገንን ይጠራሉ። «አል መዛድ» ማለት ግን ጨረታ ነው። «ሸምባት አል አራዲ» ማለት «የመሬቶቹ ሸምባት» ነው። «አሽ ሸዕቢያ» የሕዝባዊ መኖሪያ ቤቶችን ዘመን ያስታውሳል። «አል አምላክ» ደግሞ «ይዞታዎች፣ ንብረቶች» ማለት ነው። የአማርኛ አንባቢ በዚህ ስም ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ የዐረብኛው «አምላክ» እና የግዕዙ «አምላክ» ከአንድ «መ-ለ-ከ» ሥር ወጥተው አንዱ ሀብትን፣ ሌላው የሀብት ሁሉ ጌታን ለመጥራት ተለያይተዋል። ከሒላ ወደ መዛድና ወደ አምላክ የተደረገው ሽግግር የስያሜ ሽግግር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ስሞች ሠፈር ማለት የነዋሪዎቹ ወገን ነው፤ በኋለኞቹ ቦታው የተገኘበት የአስተዳደር ሥርዓት ነው።

ከካርታው ጋር የቤት ባለቤቱ የዕለት ቃላትም ተለወጡ። ቦታው «ኒምራ» (ቁጥር) እና «ሙረበዕ» (አራት ማዕዘን ክፍል) አገኘ። ንድፉ ከፈረንሳይኛ በመጣ ቃል «ክሩኪ» ተባለ፤ ከመዝገቡ የሚወጣው ማስረጃ «ሸሃደት በሕስ» ሆነ። በሁለት ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ያለ ቦታ «ናስያ» ይባላል፤ ቃሉ በመጀመሪያ የግንባር ጸጉርን የሚያመለክት ነው። ናስያ በገበያ ዋጋው ከፍ ይላል፤ በሁለት ወገን ለሕዝብ መንገድ ይዋሰናልና። በመንደር ሥርዓት ብዙ አላፊ ያለበት ግድግዳ ብዙ ግዴታ ያለበት ነበር፤ በካርታ ሥርዓት ግን ብዙ ዋጋ ያለው ሆነ።

በአዲስ በተነደፉት ሠፈሮች ይህ እምብዛም ችግር አልፈጠረም፤ መንገዱ ከቤቱ ቀድሞ ተዘርግቷልና። ችግሩ የጎላው መንደሮቹ በከተማው ሲዋጡና «ኢዓደት ተኽጢጥ» (ዳግም ንድፍ) ሲደረግላቸው ነው። በዚህ ጊዜ ቀጥ ያለ መስመር በጠማማው ዙጋግ ላይ ይሠመራል። አንዱ ግቢ ለመንገድ ይቈረጣል፤ ሌላው ቀድሞ መንገድ የነበረውን ይጨምራል። ነፋጅ በክሩኪ ላይ ምልክት የለውም። ጫፉ የተዘጋ ዙጋግም የነዋሪዎቹ የጋራ ሀብት መሆኑን የሚያሳይ ቀለም የለም፤ ወይ ጎዳና ነው፣ ወይ ቦታ ነው። በመካከል የነበረው ፊናእ ስም አጣ። ባለቤቱ ትናንት በደጁ ይቀመጥ የነበረበት ስፍራ ዛሬ «ተዐዲ»፣ ማለትም ወሰን መተላለፍ፣ ተብሎ «ኢዛላ» (ማስነሣት) ሊታዘዝበት ይችላል።

5. የግድግዳው ጥግ

ይሁን እንጂ ልማዱ በካርታው አልጠፋም። በብዙ የባሕሪ ሠፈሮች ከግቢው በር አጠገብ «መስጠባ» የተባለ የጭቃ ወይም የጡብ መደብ ይገኛል። ማታ ማታ የግድግዳው ጥላ በመንገዱ ላይ ሲረዝም ወንዶች ወንበርና አንግሬብ (ጠፍር አልጋ) አውጥተው ይቀመጣሉ። ከግድግዳው ውጭ «ሰቢል» ይቆማል፤ አላፊ አግዳሚው እንዲጠጣ «ዚር» የተባሉት የሸክላ ጋኖች የሚደረደሩበት፣ ብዙ ጊዜ ለሞተ ዘመድ ነፍስ የሚደረግ ምጽዋት ነው። ሐዘን ወይም ሰርግ በመጣ ጊዜ «ሲዋን» የተባለው ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ይተከላል፤ መኪናም ሳያጕረመርም ይዞራል።

እነዚህ ሁሉ በካርታ ዓይን ሲታዩ በሕዝብ መንገድ ላይ የተደረጉ ይዞታዎች ናቸው። በቃላቱ ዓይን ሲታዩ ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ፈቃድ አላቸው። መስጠባ የሚፈቀደው እግረኛውን እስካላጠበበ ነው። ሰቢል ባለቤቱ ከመንገዱ የሚወስደው ሳይሆን ለመንገዱ የሚሰጠው ነው። ሲዋን ቀን ተቈርጦለታል። የሠፈሩ ሰው ሦስቱን ሲለይ የሚጠቀመው መለኪያ ስፋት ሳይሆን ዓላማና ጊዜ ነው።

ልማዱ ያልቻለው አንድ ነገር ውሃ ነው። የባሕሪ ድሆች ቤት ብዙ ጊዜ የሚሠራው «ጃሉስ» በሚባል የተደራረበ ጭቃ ነው። የጃሉስ ግድግዳ ከላይ ዝናብ፣ ከታች ደግሞ በመንገዱ ላይ የሚጠራቀም ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ ባለቤቱ በግድግዳው እግር «ረድሚያ»፣ ማለትም የአፈር ሙሌት፣ ያፈሳል። ሙሌቱ ውሃውን ወደ ማዶ ጎረቤት ይገፋል፤ ጎረቤቱም ከፍ አድርጎ ይሞላል። በዚህ መካከል «መጅራ» የተባለው የውሃ መውረጃ ይጠብባል፣ ይደፈናልም። በነሐሴ 1988 በአንድ ቀን ገደማ 200 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ በካርቱም ላይ ሲወርድ እጅግ ብዙ የጭቃ ቤቶች ፈረሱ። በ2013 እና በ2020 የደረሱት ጎርፎችም ይህንኑ ደገሙት።

ጉዳትን መከልከልና ጉዳትን በጉዳት አለመመለስ በእስልምና ሕግ የታወቀ መርህ ነው። ሆኖም በረድሚያ ጉዳይ ማንም ሰው ብቻውን ጉዳት አላደረሰም፤ እያንዳንዱ የራሱን ግድግዳ ጠብቋል። ለዙጋግ፣ ለነፋጅና ለመስጠባ ባለ መብትን የሚለይ ቃል ያለው ንግግር፣ በመንገድ ላይ ለሚያልፍ ውሃ ባለ ዕዳን የሚለይ ቃል አላዳበረም።

6. የሕግ ቃላትና የአማርኛ አቻዎቻቸው

ሦስተኛው ንብርብር ከነጻነት በኋላ የወጡ ሕጎች ቋንቋ ነው። በ1970 የወጣው ያልተመዘገበ መሬት ሕግ ያልተመዘገበውን ሁሉ በመንግሥት ስም እንደ ተመዘገበ ቈጠረው። በ1984 የወጣው የፍትሐ ብሔር ግንኙነቶች ሕግ ይህን ሽሮ በምትኩ መሬት የእግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ መንግሥትም በአደራ እንደሚይዘው ደነገገ፤ ለሰው የሚቀረው ዋናው መብት «መንፈዓ»፣ በጥቅሙ መገልገል፣ ነው። ሕጉ የጥንቱን «ኢርቲፋቅ» የተባለ መብትም ይዟል። ኢርቲፋቅ በአንድ ቦታ ላይ ለሌላ ቦታ ጥቅም የሚጣል ግዴታ ሲሆን፣ የሕግ ሊቃውንት በተለምዶ ሦስት ያደርጉታል፦ የማለፍ መብት፣ የመጠጣት ወይም የማጠጣት መብት፣ ውሃ የማፍሰስ መብት። ሦስቱም ወደ መሽረዕ ይመልሳሉ፤ ሰው ያልፋል፣ ይጠጣል፣ ውሃው ይወርዳል።

እዚህ ላይ ከአማርኛ ጋር የሚደረግ ንጽጽር ይጠቅማል። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለተመሳሳይ ጽንሰ ሐሳብ «የንብረት አገልግሎት» የሚል ስያሜ ሠራ፤ በጥቅም የመገልገልን መብት ደግሞ «አላባ» አለው። «ኢርቲፋቅ» ከ«ረፊቅ» (የመንገድ ባልንጀራ) ጋር አንድ ሥር አለው፤ ለሰሚው ጓደኝነትን ያስታውሳል። «የንብረት አገልግሎት» ግን አንዱን መሬት የሌላው አገልጋይ ያደርገዋል፤ የሮማ ሕግ ትውርስ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆኑ በኋላ ደግሞ የአማርኛው የዕለት ቃል ከ«ባለ ርስት» ወደ «ባለ ይዞታ» አዘነበለ። በሁለቱ አገሮች መንግሥት የመሬት ዋና ባለ መብት ሆኖ ሲቀርብ፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል የነበረው የመተላለፊያ ጉዳይ በነዋሪና በቢሮ መካከል ወደሚደረግ ጉዳይ ተሸጋግሯል። «መተላለፊያው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ «ፈቃዱ ከማን ነው?» በሚል ተተካ።

7. ማጠቃለያ

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ባሕሪን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አገኛት። ነዋሪዎቿ በብዛት ተሰደዱ። ከኦምዱርማን ጋር የሚያገናኛት የሸምባት ድልድይ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ተሰበረ። ጦር ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ የተቈጣጠረው በ2025 መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመለሱ ባለ ይዞታዎች የፈረሰ ግድግዳ ሲያቆሙ የወሰን ጥያቄ በእያንዳንዱ ደጅ ይነሣል። ሸሃደት በሕስ በእጁ ያለ ሰው ኒምራውንና ስፋቱን ያስረዳል። ዙጋጉ እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር፣ መጅራው በየትኛው ወገን ይወርድ እንደ ነበር፣ ነፋጁ ለማን ተከፍቶ እንደ ነበር የሚያስረዳው ግን ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ በካይሮ፣ በፖርት ሱዳን ወይም በአዲስ አበባ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሁኔታ የቃላት ጥናት ከመዝገበ ቃላት ያለፈ ጥቅም አለው። የሠፈር ቃላት ሲሰበሰቡ ፍቺያቸው ብቻ ሳይሆን ሥርዓታቸውም አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል፤ ማለትም እያንዳንዱ መተላለፊያ ለማን፣ በምን ጊዜ፣ በማን ፈቃድ እንደ ተከፈተ፣ ሲዘጋም በምን ግስ እንደሚነገር። «ነፋጅ፦ ትንሽ በር» የሚል ፍቺ ለተማሪ ይበቃ ይሆናል፤ ወሰን ለሚያካልል ሽማግሌ ግን አይበቃውም። የባሕሪ ቃላት የሚያሳዩት በግድግዳና በጎዳና መካከል ያለው ስፍራ ባዶ ሆኖ እንደማያውቅ ነው። ባዶ ያደረገው ለእርሱ ምልክት ያልነበረው ካርታ ነው፤ ይዘቱም እስካሁን ያለው በተሰደዱት ጎረቤታሞች አንደበት ነው። ከእነርሱ ሊሰበሰብ የሚችለውም እነርሱ በሕይወት ሳሉ ነው።